ወረራና ሠፈራ በታችኛው አዋሽ

አዋሽ ከሌሎቹ ታላላቅ ወንዞቻችን የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ባሕር ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከማብቃቱ በፊት ግን ከደጋ ያወረደውን ደለል በአውሳ ሜዳ ላይ ያራግፋል። ዛሬ ከአዋሽ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን የሚያየው ደረቅ ሜዳና ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሰመራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደ አሳይታ ሲታጠፍ ግን በድንገት ልምላሜ ይቀበለዋል። ለአራት መቶ ዓመታት ተሰዳጁም ወራሪውም ሲመኛት የኖረችው አውሳ ይህች ናት።

አውሳ የመንግሥት መናገሻ የሆነችው በ1577 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአህመድ ግራኝ ጦርነት በኋላ የአዳል ኃይል ደክሞ ነበር። ዐፄ ሠርጸ ድንግል የሐረርን ጦር በዋቢ ወንዝ ዳር ድል መትተዋል፤ የኦሮሞም መስፋፋት በሐረር ቅጥር ዙሪያ ያለውን እርሻ አስጨንቆታል። ኢማም መሐመድ ጋሳ በዚህ ጊዜ መናገሻውን ከሐረር አንሥቶ ወደ አውሳ አዛወረ። ነገሩን ሽሽት ማለት ይቻላል፤ ስሌት ግን አልጎደለውም። አውሳን በረሃው እንደ ግንብ ይከባታል፤ በውስጧ ደግሞ እህል ይበቅላል። ኢማሙ ያላሰበው ነገር ቢኖር በረሃው የራሱ ባለቤቶች እንዳሉት ነው። ደንከል የሚለውን ስም የ13ኛው መቶ ዓመት ዐረባዊ የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሰዒድ አስቀድሞ ጠቅሶታል፤ አፋሮች ከኢማሞቹ በፊት ነበሩ።

እዚህ ላይ የእንግሊዝን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ቫይኪንጎች በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘረፉ፤ በ865 ታላቅ ሠራዊት ይዘው መጡና የአንግሎ ሳክሶኖችን መንግሥታት አንድ በአንድ ጣሉ። በ876 መሪያቸው ሃልፍዳን የኖርዘምብሪያን መሬት ለጭፍሮቹ አከፋፈለ፤ እነርሱም ማረስ ጀመሩ። ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ድል የነሣው ጉትሩም ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባት የሆነው ራሱ አልፍሬድ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝን ካርታ ለሚመለከት እንደ ደርቢና ግሪምስቢ ያሉት ስሞች የሰፋሪዎቹ ምልክት ናቸው። ዘረፋውን የመዘገቡት የተዘረፉት መነኮሳት ናቸው፤ ሠፈራውን ግን ጮክ ብሎ የጻፈው የለም፤ ከስምና ከመሬት ላይ የሚነበብ ነው።

የአውሳም ታሪክ አጻጻፍ ከዚህ አይርቅም። በእጅ ያለው የጽሑፍ ማስረጃ፣ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1931 ካሳተማቸው የዐረብኛ ሰነዶች መካከል የሚገኘው የአውሳ ዜና መዋዕል፣ በኢማሞቹ ወገን የተጻፈ ነው። ከብቱን ይዞ ወደ ወንዙ የሚወርደው አርብቶ አደር ብዕር አልያዘም። ስለዚህ ያ ሰው በጽሑፉ ውስጥ ብቅ የሚለው ሲያስቸግር ብቻ ቢሆን አያስደንቅም፤ በጋ ሲጠና ውኃና ሣር ፍለጋ መውረዱ ግን ለእርሱ ወረራ ሳይሆን የዓመት ሥራው ነበር። ዴንማርካዊው ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ አፋሩ ግን ከወንዙ ማዶ ነው የመጣው። ሁለቱን ታሪኮች ሲያመዛዝኑ ይህን ልዩነት መዘንጋት አይገባም።

ሐረር በ1647 በአሊ ኢብን ዳውድ ሥር ራሷን ችላ ከአውሳ ተለየች። የኢማሞቹም ወንበር በ1672 ገደማ ከኡመር ዲን በኋላ ባዶ ሆነ። በ1734 ከዳፎ የተባለ መሪ የሙዳይቶን ሥርወ መንግሥት አቆመ። በእነዚህ ዓመታት መካከል እንደ አልፍሬድ ጦርነት ቀን የሚቈረጥለት አንድ ታላቅ ውጊያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። በአውሳ ክርስትና የሚነሣም አልነበረም፤ ሁለቱም ወገኖች እስላሞች ነበሩና አንዱ በሌላው ውስጥ ለመቅለጥ ይህ ሳይረዳቸው አልቀረም። ነባሩ ገበሬ ከነቦዩና ከነማሳው ቀረ፤ ልጆቹ አፋርኛ ተናገሩ። የጥንቱ የሐርላ ስም ዛሬም በአውሳ አፋሮች የጎሳ ስሞች መካከል ይሰማል። አርብቶ አደሩም በበኩሉ ሱልጣን፣ ግብርና የመስኖ መሬት ያለው ሆነ።

ይህ መንግሥት ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ በ1875 ታየ። በግብፁ ኬዲቭ እስማኤል አገልግሎት የነበረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ጥቂት መቶ ወታደሮችና መድፎች ይዞ ከታጁራ ተነሣ፤ ሐሳቡ አውሳን አልፎ ሸዋ መግባት ነበር። ኅዳር ወር ላይ የሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ሰዎች በሌሊት ከበቡት፤ እርሱም ከብዙ ጭፍሮቹ ጋር ሞተ። በዚያው ሰሞን ዐፄ ዮሐንስ ሌላውን የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ ደመሰሱ። በትምህርት ቤት የምንማረው ጉንደትን ነው፤ የአውሳው ድል ከእርሱ ጎን ሊጻፍ ሲገባው በግርጌ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ የመጣው እንግዳ በባቡር መጣ። የጅቡቲው ሐዲድ አዋሽን ተሻግሮ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያው የቆላው በር ሆነ፤ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲገርም በ1933 መጨረሻ ከዚያ ተነሥቶ በሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ ወንዙን እስከ አቤ ሐይቅ ተከተለ። በሸለቆው ላይኛው በኩል አዋሽ ሰባትና አዋሽ አርባ የሚሉት ባለ ቍጥር ስሞች የመንገድ ሰዎች ቋንቋ ናቸው፤ ወደ ታች ዱብቲ፣ አሳይታ፣ አፋምቦ ሲባል የአፋሩ ቋንቋ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ተቋቋመ። ለእርሻው የተመረጠው መሬት ለመስኖ የሚመች የወንዝ ዳር መሬት ነበር፤ ያው መሬት ግን የከብቱ የበጋ መሸሻ ነው። በፕላን ወረቀት ላይ ባዶ ይመስል የነበረው፣ የተለካው ዝናብ ዘንቦ ከብቱ ወደ ሩቅ ግጦሽ በወጣበት ወራት ቢሆን ነው። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ራሳቸው ጥጥ አስዘርተዋል። በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ሱልጣኑ አገር ለቀው ተሰደዱ፤ የተንዳሆውም እርሻ በመንግሥት ተወረሰ። በ1991 ሲመለሱ ቦዮቹ አሁንም ውኃ ይወስዱ ነበር፤ ከብቱም በጋ ሲጠና ወደዚያው ይወርድ ነበር።