ትርፍ ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። እስከዚያ ድረስ በአዲስ አበባ መኳንንቱ ቪላ ያከራዩ ነበር፤ ጠላ ሻጯም ከጓሮዋ የጭቃ ክፍል ቀጥላ ታከራያለች፣ መጦሪያዋ ነዋ! አዋጁ ሁለቱንም ባለ ትርፍ ቤት አላቸው። ኪራይ ብቻ ይተዳደርበት ለነበረ፣ ቢበዛ በወር 250 ብር ተቆረጠለት። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ወረደ። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ ተሰጡ። ጣራው ሲያፈስስ ግን በዚያች ኪራይ ማን ያድሰው? እኛ የኪራዩን መቀነስ አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው ጠላ ሻጯን ከባለ ቪላው ጋር መደመሩን ነው። የ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1320 ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ የኪራዩን ጭማሪ ነው የያዘው።