አዲስ አበባ - አስመራ፦ ስንት ሰዓት ነው መንገዱ?

እስኪ ካርታ ዘርጉና አዲስ አበባንና አስመራን በማስመሪያ አገናኙ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጄት አውሮፕላን አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ አካባቢ ይበቃዋል። ቁርስ አዲስ አበባ፣ ማኪያቶ አስመራ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ የካርታው ሒሳብ ነው። የታሪኩ ሒሳብ ግን ሌላ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ መደበኛ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። መድረሻው ካይሮ ቢሆንም መንገድ ላይ አስመራ ያርፍ ነበር። ልብ በሉ! ያኔ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች፤ ፌዴሬሽኑ የመጣው በ1945 ዓ.ም. ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ባለ ፕሮፔለር ሲ-47 ነበር። በዚያ ፍጥነት እንኳ 700 ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት አይሞላም።

በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆንም የአየር መንገዱ አልተዘጋም። የዘጋው ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ የተጫረው ጦርነት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ከኖሩበት አገር እየተባረሩ ወይም እየተገፉ ድንበር ተሻገሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም በረራው አልተመለሰም። ስልኩም ተቋርጦ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አስመራ መሄድ ግድ የሆነበት ሰው በካይሮ ወይም በዱባይ መዞር ነበረበት። በካይሮ በኩል ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የቀጥታው ስድስት እጥፍ! አያቶቻችን በፕሮፔለር ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደርሱበትን፣ ወላጆቻችን በጄት ዘመን ቀኑን ሙሉ ተንከራተቱበት። ይህም ቪዛና ገንዘብ ላገኘ ነው። ላላገኘው አስመራ ከጨረቃ አትቀርብም ነበር። የእናቱን መርዶ በሦስተኛ አገር ባለ ዘመድ ስልክ የሰማ ስንት ነው? እኛ በዚያ ዘመን የተወለድነው ደግሞ አስመራን የምናውቃት በወሬ ብቻ ነው።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. መሪዎቹ አስመራ ላይ ተፈራረሙ። በዘጠነኛው ቀን፣ ሐምሌ 11፣ በረራው ተጀመረ፤ ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ ሁለት አውሮፕላን ተከታትሎ ተነሣ። ሃያ ዓመት የተዘጋውን ለመክፈት ዘጠኝ ቀን በቃ!

መዝጋቱም አልከበደም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን ከመስከረም 20 ጀምሮ በረራውን እንደሚያግድ አስታወቀ። አየር መንገዱም ቀኑ ሳይደርስ፣ በነሐሴ መጨረሻ አቆመ።

እንግዲህ ከ1938 ወዲህ አውሮፕላኑ ፈጥኗል፤ ተራራው ካለበት አልተነቃነቀም። መንገዱን ሲያስረዝምና ሲያሳጥር የኖረው የቤተ መንግሥት ፀብና እርቅ ነው። በመሪዎች መጨባበጥ ብቻ የተከፈተ ሰማይ፣ እጃቸው ሲላቀቅ ይዘጋል። ሕዝብ ለሕዝብ የሚያገናኝ መንገድ በሕግ እንጂ በሰው ፊት ላይ አይታሰርም። ይህ እስኪሆን ድረስ አስመራ ስንት ሰዓት ትርቃለች ብሎ ለሚጠይቀን፣ መልሳችን አንድ ነው፦ «እንደ ዘመኑ ነው!»