የጤና ባለሙያዎች የአእምሮ ጤና በወረርሽኝ ወቅት

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመው ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተገለጸ። በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ በኋላም የሚሊኒየም አዳራሽ ለሕሙማኑ የሕክምና ማዕከል ሆኑ። በወረርሽኙ ግንባር የተሰለፉ ባለሙያዎች ግን ከሕክምናው ሥራ ባሻገር ሌላ ሸክም ነበረባቸው፤ ቫይረሱን ወደ ቤት ይዞ የመግባት ሥጋት፣ ከልጆች ተለይቶ መክረም፣ የጎረቤት መገለል፣ እንዲሁም ዘመድ አጠገቡ ሳይኖር ሕይወቱ የሚያልፍን ታካሚ ማየት።

ድርጅቱ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፣ በእንዲህ ያለ ወቅት የሚሰማ ጭንቀት የባለሙያውን ድክመት ወይም ለሥራው ብቁ አለመሆኑን እንደማያሳይ አስገንዝቧል። በፈረቃዎች መካከል ማረፍ፣ በቂ ምግብ መመገብ፣ የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ፣ በስልክም ቢሆን ከቤተሰብ ጋር መገናኘት ጭንቀቱን ያቃልላል። አልኮልና ትምባሆ ግን ውሎ አድሮ ጤናን ይጎዳሉ።

ይሁን እንጂ ኃላፊነቱ በባለሙያው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ሠራተኞችን ጫና ከሚበዛበት ክፍል ወደ ቀለል ያለው በየተራ ማዘዋወር፣ ጀማሪውን ከነባሩ ጋር ማጣመር፣ ትክክለኛ መረጃ በወቅቱ መስጠትና የምክር አገልግሎት የት እንደሚገኝ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ለሳምንታት ከዘለቀ ደግሞ ባለሙያው ራሱ ሳይሸማቀቅ ወደ ሕክምና መሄድ ይኖርበታል።