ባንኩ አዲስ መኪና ሲያቀርብ አሮጌው ለምን ይወደዳል?

በጉለሌ ዳገት ሃያ ዓመት ስትወጣና ስትወርድ የኖረች ቪትዝ፣ ባለቤቷ ከገዛበት ብዙ እጥፍ ዋጋ ተጠራባት ቢባል ማናችንም አንደነግጥም። ለምደነዋል። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። እኛ ዘንድ ግን አባት ገዝቶ የነዳት መኪና ለልጅ መነገጃ ካፒታል ስትሆን አይተናል። አሁን ባንኮች አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖችን በብድርም በሙራበሓም ማቅረብ ሲጀምሩ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሸጎሌ «ትንሽ ልታገሥ፣ አሮጌው መውረዱ አይቀርም» የሚል ሰው በዝቷል። ይህ ግምት ከየት እንደመጣና እኛ አገር ለምን እንዳልሠራ ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይሻላል።

ግምቱ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ እዚያም በትክክል ሠርቷል። ጄኔራል ሞተርስ በ1919 እ.ኤ.አ. ለመኪና ንግድ ብቻ የሚያበድር ኩባንያ አቋቋመ። ሄንሪ ፎርድ በበኩሉ ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ይግዛ ባይ ነበርና ለዓመታት አሻፈረኝ ካለ በኋላ በ1928 ተሸንፎ የራሱን አበዳሪ ከፈተ። በብድር አዲስ መኪና የሚወስድ ሰው አሮጌውን ለነጋዴው እንደ ቅድመ ክፍያ አድርጎ ያስረክባል። የነጋዴዎቹ ግቢ በአሮጌ መኪና ተሞላ፤ ቦታ ለማስለቀቅ ሲሉ በወረደ ዋጋ ሸጡት፤ አዲስ የመግዛት አቅም ያልነበረው ሠራተኛም በዚያው ባለ መኪና ሆነ። በ2001 እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላም ጄኔራል ሞተርስ ያለ ወለድ አዲስ መኪና በብድር ሲያቀርብ፣ ገዢው ወደ አዲሱ ስለጎረፈ የአሮጌው ዋጋ ወርዷል።

እዚያ ብድሩ ብቻውን አልመጣም። ከጀርባው ቀን ከሌት መኪና የሚያመርት ፋብሪካ ነበር።

እኛ ዘንድ ከባንክ ብድር በፊት የመኪና መግዣው ዕቁብ ነበር። ዕጣው የወጣለት ነጋዴ ታክሲ ይገዛል፣ በታክሲው ገቢ ዕቁቡን ይከፍላል። ወለድ የለበትም፣ ጋራንቲው ጎረቤትና ስም ነው። ዕቁብ ግን የመግዣ ገንዘብ ይፈጥራል እንጂ መኪና አይፈጥርም። መኪና በዶላር ነው የሚመጣው፤ ዶላሩን ደግሞ ለዓመታት ያድል የነበረው መንግሥት ነው። ብር በ1985 ዓ.ም. ሲዳከም፣ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ 5 ብር ገባ። ያን ዕለት ላዳ ወይም ፊያት ያለው ሰው ምንም ሳይሠራ ሀብቱ አደገ፤ ብሩን በባንክ ያስቀመጠው ደግሞ ከሰረ። መኪና በአገራችን የቁጠባ ደብተር የሆነችው በእንዲህ ያሉ ቀናት ነው። ደላላ ዋጋ ሰቀለ ብለን ብንማረርም፣ ደላላው ከዚህ ታሪክ በኋላ የመጣ ሰው ነው።

ከዚያ ቪትዝ መጣች። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ ለጃፓን ገበያ ያወጣው ነው፤ ያችው መኪና ለውጭ ገበያ ስትሸጥ ያሪስ ትባላለች። ስለዚህ ቪትዝ ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር። ብዙዎቹ በዱባይ በኩል ሲያልፉ መሪያቸው ወደ ግራ ዞሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሱት። ጃፓናዊው ምርመራውና ወጪው አስመርሮት የሸጣት አሮጌ መኪና፣ እኛ ዘንድ ስትገባ «አዲስ» ተባለች፤ ሊብሬዋም የባንክ መያዣ ሆነ። ልብ በሉ፤ እዚህ አገር «ለአዲስ መኪና ብድር» ሲባል ብዙውን ጊዜ ሌላ አገር ያረጀ መኪና ማለት ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ገደማ የታክሲ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጅተው፣ ከቀረጥ ነፃ በሆነ ዕድልና በባንክ ብድር ቢጫዎቹን የሜትር ታክሲዎች አስገቡ። ብድርና መኪና ተያይዘው የመጡበት አጋጣሚ ይኸው ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን ለከተማው ስፋት ጥቂት ነበርና ላዳዎቹን እንኳ ከጎዳና አላስወጣም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2012 ዓ.ም. በኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ነው። ዓላማው አሮጌ መኪና ማስቀረትና አዲሱን ማርከስ ነበር፤ አየሩንም መንገዱንም ላሰበ ሰው ክፋት የለውም። ሒሳቡን እንሥራው። ጉምሩክ 100 ብር የገመታት እስከ 1300 ሲሲ የሆነች መኪና 35 በመቶ ቀረጥ፣ በቀድሞው ሕግ 30 በመቶ ኤክሳይስ፣ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደራረብባት 222 ብር ገደማ ትደርሳለች። በአዲሱ አዋጅ ያልተነዳች ከሆነች ኤክሳይሷ 5 በመቶ ነውና 179 ብር ትሆናለች። ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለች ከሆነች ግን ኤክሳይሷ 405 በመቶ ስለሚሆን 862 ብር ትገባለች። በወረቀት ላይ አዲሱ ረከሰ። ነገር ግን የፋብሪካው ዋጋ ራሱ ከአሮጌው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ አዲሱን የሚገዛው ወይ ባለሀብት ነው ወይ ባንክ ያመነው ሰው። በር የተዘጋባት አሮጌ መኪና ደግሞ ቀድማ ከገባች ዋጋዋ ባንዴ ዘለለ። ሕጉ አሮጌን ሊያባርር ወጥቶ፣ አገር ውስጥ ላለው አሮጌ አጥር ሠራለት።

አጥሩ ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ ሄደ። በጥቅምት 2015 መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ የውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲያግድ መኪና አንዱ ነበር። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገደበ። ብድር ዋጋ ሰቃይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያኔ ዋጋ መውደቅ ነበረበት። ሻጩ ግን ከሚቀንስ ገበያው እስኪሞቅ መኪናውን ማቆም ይመርጣል። ቢሸጣት በምን ይተካታል?

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ በ2004 ተፈቀደ፤ ሙሉ ባንክ ማቋቋም በ2011 ተፈቅዶ፣ ዘምዘም ባንክ በ2013 የመጀመሪያው ሆኖ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ከሪባ የሸሸ ሙስሊም መኪና የሚገዛው ወይ በዕቁብ፣ ወይ በዘመድ፣ ወይ ዓመታት ቆጥቦ ነበር። ሙራበሓ ይህን በር ከፈተ፤ ባንኩ መኪናዋን ራሱ ገዝቶ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥልናል። ዋጋው በውሉ ቀን ይቆረጣል፣ ከዚያ ወዲህ አይጨምርም። አልሐምዱሊላህ፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን ግብይቱ ሐላል መሆኑ ዋጋ አያወርድም። ድሮ ዳር ቆሞ ያይ የነበረ ሰው አቅም አግኝቶ ወደ ገበያ ሲገባ፣ የሚገባው እነዚያው ቁጥራቸው ያልጨመረ መኪኖች ወዳሉበት ገበያ ነው።

ሌላም ለውጥ አመጣ። ባንክ የሚገዛት መኪና ሊብሬዋ የጠራ፣ እግድ የሌለባት መሆን አለባት። ስም ማዞሪያውን ለመሸሽ በውክልና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈች መኪና ይህን ፈተና አታልፍም። ስለዚህ «ባንክ የምትሄደው» እና «በካሽ ብቻ» የምትሸጠው፣ ሞዴላቸው አንድ ሆኖ ሳለ ዋጋቸው ተለያየ።

ዋጋው የተቆረጠ ዕዳ በእነዚያ ዓመታት ለገዢው ጠቅሟል። ብር ሲዳከም ዕዳው ባለበት ይቆማል፣ መኪናዋ ግን ትወደዳለች። ሐምሌ 22፣ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ፣ አስቀድሞ የተዋዋለ ሰው ይህን በግልጽ አይቶታል። ይህ ግን የሚሠራው መኪና እየተወደደች እስከሄደች ድረስ ነው። ከወረደች ያው የተቆረጠ ዕዳ ከመኪናዋ ዋጋ በልጦ ሊያድር ይችላል፤ አምስት ዓመት ለሚፈርም ቤተሰብ ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለናል።

ሊወርድ የሚችለውስ የትኛው ነው? በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መታገዳቸው ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ከቫት፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይስ ነፃ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው ቀረጡ 15 በመቶ ብቻ ተደረገ። ከላይ 862 ያልነው በዚያ ሕግ 115 ሆነ። የአሜሪካን ታሪክ የሚመስል ነገር እኛ ዘንድ የምናየው አሁን ነው፤ ብድሩም መኪናውም አብረው እየመጡ ነው። ስለዚህ ለመውረድ ቅርብ የሆነው ያገለገለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ምክንያቱም ከጎኑ በቀላል ክፍያ አዲስ አለ፣ የባትሪ ዋጋም በዓለም ገበያ ለዓመታት ሲወርድ ኖሯል።

ቪትዟ ግን ሌላ ናት። ምትኳ አይገባም፤ መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ ያውቃታል። በቀበሌ ቤት፣ አንድ ቆጣሪ ለአምስት አባወራ በሚካፈልበት ግቢ የሚኖር ሰው የኤሌክትሪክ መኪናውን የት ይሰካል? ቻርጅ ማድረጊያ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ሸጎሌ መንደሮች በበቂ እስኪደርስ፣ ባንኩ አዲሱን የቱንም ያህል ቢያቀልለት፣ ይህ ሰው ፊቱን ወደ አሮጌዋ ያዞራል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ፣ ስልኩን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በካሽ ነው በባንክ?» ብሎ ነው፤ ዋጋውን የሚናገረው መልሱን ከሰማ በኋላ ነው።