ከትከሻ ወደ እግር፦ የፈትል ጉዞ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

የእጅ ሥራ ካልሲ ወዳጆች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። ክር ከየአገሩ ያስመጣሉ፣ ልቃቂት ያከማቻሉ፣ ሰብሰብ ብለው እየሠሩ ስለ ክሩ ቅጥነትና ልስላሴ ሲያወጉ ይመሻል። እንዲህ ያለውን ፍቅር በሰሜን ወሎ የሚፈልግ ሰው መነሻው ካልሲ ከሆነ ታሪኩ ያጥርበታል፤ ጫማ ራሱ ለብዙኃኑ የደረሰው ባለፉት ጥቂት ትውልዶች ነውና። መነሻው ክር ከሆነ ግን ብዙ መቶ ዓመታትን ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል። የክር ፍቅር በዚህ አገር ከትከሻ ጀምሮ ወደ እግር የወረደው እጅግ ዘግይቶ ነው። ይህ ቅኝት ያንን ረጅም መንገድ በሰፊው ይከተላል። የጥለቱን ዓይነትና የሽመናውን ስልት ለባለሙያዎቹ ትተን ክሩን፣ ክሩ የመጣበትን ጎዳናና እንዝርቱን ያሾረውን እጅ እናያለን።

በቅድሚያ የአገሩን አቀማመጥ ማየት ይገባል። ወልድያ የደጋና የቆላ መገናኛ ናት። በምዕራቧ የመቄት፣ የዋድላና የደላንታ ደጋ በግ ያረባል፤ በሰሜኗ የራያ ሜዳ ተዘርግቷል፤ በደቡቧ ሲሪንቃንና መርሳን የያዘው የሀብሩ ወረዳ በምሥራቅ በኩል ቆልቁሎ ከአፋር ይዋሰናል። ደጋው ይበርደዋል፣ ጥጥ ግን አያበቅልም፤ ቆላው ጥጥ ያበቅላል፣ ብርዱ ግን ያን ያህል አይደለም። የአካባቢው የፈትል ታሪክ የተወለደው ከዚህ አለመመጣጠን ይመስለኛል። ጥጥና ጨው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ እህል ወደ ታች ይወርዳል፣ መካከል ላይ ገበያ ይቆማል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት የባቲ የሰኞ ገበያ የዚህ ልውውጥ ዋነኛ ምስክር ነው።

ወደ ጥንቱ ዘመን ስንመለስ፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በዛሬው ሱዳን በነበሩት በኖባና በካሱ ሕዝቦች ላይ ያደረገውን ዘመቻ ባስቀረጸበት ድንጋይ ላይ የጥጥ ስም ተጽፎ እናገኛለን፤ ሠራዊቱ የጠላትን የእህልና የጥጥ ክምችት እንዳጠፋ ይተርካል። ከዚያም ቀደም ብሎ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የተጻፈው የግሪክኛ መጽሐፍ ከግብጽ የመጣ ልብስና ከሕንድ የመጣ የጥጥ ጨርቅ በአዱሊስ ወደብ ይራገፍ እንደነበር ይመሰክራል። የቀጠናው ጥጥና የባሕር ማዶ ጨርቅ ጎን ለጎን መሄድ የጀመሩት እንግዲህ ያኔ ይመስላል፤ እስከ ዛሬም አልተለያዩም።

በኢዛና ዘመን ገደማ ግብጻውያን ከሰንደል ጫማ ጋር የሚለበስ፣ አውራ ጣት ለብቻው የሚገባበት የሱፍ ካልሲ በአንድ መርፌ ይሠሩ ነበር። ከነዚህ ጥንድ ካልሲዎች አንዱ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። አገራችን ከእስክንድርያ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ ስታስመጣ ካልሲውን ሳታስመጣ መቅረቷ ፈገግ ያሰኛል። የደጋው ሰው ብርዱን የተከላከለው በትከሻው ላይ በደረበው ሸማ ነበር።

በመካከለኛው ዘመን ዛሬ ከወልድያ እስከ ራያ ያለው ምድር በአንጎት ስም ይጠራ ነበር። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ በኩል አልፏል፤ በአንጎት ገበያ ብረት እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደነበር ጽፏል። ከጎጃም ለንጉሡ ስለሚገባው ግብር ሲናገር ደግሞ ከፈረስና ከበቅሎ ጋር ወፍራም የጥጥ ልብስ በሺህ እየተቆጠረ ይቀርብ እንደነበር ይነግረናል። ሸማ ልብስ ከመሆኑ በላይ ሀብት፣ ግብርና የክብር ስጦታ ነበር። ግብሩ በባላባቱ ስም ይመዘገባል፤ ክሩን የፈተለችው ሴት ግን በመዝገቡ የለችም።

ስለዚህ እሷ ዘንድ ጥቂት መቆየት ተገቢ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ እንደ ደመና ይነፋል፤ ከዚያ ባዘቶ ሆኖ ይጠቀለላል። ፈታይዋ ባዘቶውን በግራ እጇ ይዛ በቀኟ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾራለች። ለድር የሚሆነው ክር ቀጭንና ጠንካራ፣ ለማግ የሚሆነው ለስለስ ያለ መሆን አለበት፤ ይህን ልዩነት የምታውቀው በመለኪያ ሳይሆን በጣቷ ነው። እንዝርቱ ሲሞላ ክሩ ወደ ልቃቂት ይዞራል። ሸማኔ በቀናት ሠርቶ የሚጨርሰውን ፈትል ሴቶች ለሳምንታት ሲፈትሉት ይከርማሉ። አራት ድርብ የሆነውን ጋቢማ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሥራው ብቻውን የሚሠራ አይደለም። በወሎ ቤት ቡና ከአቦል እስከ በረካ ጊዜ ይወስዳል፤ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጦ፣ ዱዓውና ምርቃቱ ሲፈራረቅ እንዝርት የያዘች እጅ ሥራ አትፈታም። ዓይን ለጨዋታ፣ እጅ ለክር ነው። ማን ቀጭን እንደምትፈትል፣ የማን ክር እንደሚበጠስ፣ የትኛው ሸማኔ ፈትል እንደሚያጎድል የሚታወቀው እዚያ ነበር። የወልድያና የመርሳ እናቶች አባል ሳይመዘገቡ፣ መተዳደሪያ ሳይጽፉ የክር ማኅበር ነበሯቸው። ልጃገረድ ለትዳር ስትታሰብ እንጀራዋና ወጧ ብቻ አይጠየቅም፤ ፈትሏም ይጠየቃል።

የዚህ ፈትል ፈላጊም ከልብስ ለባሹ ይሰፋል። ክርስቲያኑ ሕፃን በክርስትናው ዕለት አንገቱ ላይ ማተብ ይታሰርለታል። ለቤተ ክርስቲያን የሚበራው ጧፍ የጥጥ ክር በሰም ተነክሮ የሚሠራ ነው። በሁለቱም ሃይማኖት የሞተ ሰው በነጭ ጨርቅ ይገነዛል ወይም ይከፈናል። ከልደት እስከ መቃብር ክር የማይገባበት ሥርዓት ማግኘት ይቸግራል።

ይህ ሁሉ ክብር ለልብሱ ሲሰጥ ሠሪው ግን ይናቅ ነበር። ሽመና የወንድ ሥራ ነው፤ በወሎና በጎንደር ከሸማኔዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ መሬት ያለው ገበሬ ሸማኔውን ዝቅ አድርጎ ያየው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው መሳደብን በአዋጅ ሲከለክሉ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ማለትም ከተነቀፉት ስድቦች አንዱ ነበር። አዋጁ ለአንጥረኛው፣ ለሸማኔው፣ ለጸሐፊውና ለነጋዴው ቆመላቸው። ፈታይዋን የጠራት የለም፤ የሰደባትም ያመሰገናትም አልነበረም።

ከዚያ አዋጅ በፊት በነበረው ዘመን አካባቢው በአገሪቱ ፖለቲካ መካከል ነበር። ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1840ዎቹ ድረስ የዚሁ አካባቢ የየጁ መሳፍንት ጎንደር ተቀምጠው በነገሥታቱ ስም አገር ገዙ። በጎንደር ዘመን የተሠሩት ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች የኢትዮጵያ ሽመና የደረሰበትን ጫፍ ያሳያሉ፤ ሐሩ ከውጭ የመጣ፣ ጥበቡ የአገር ቤት ነው። ዛሬ አንዱ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ በሚገኘው የሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ይታያል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በዋድላና በደላንታ ደጋ አቋርጦ መቅደላ ሲደርስ ተዘርፎ የተጫነው መጽሐፍና ዘውድ ብቻ አልነበረም፤ ጨርቅም ነበረበት።

እስካሁን ያለፍነውን መንገድ ጠቅለል ብናደርገው ጥጡ ከቆላ፣ ፈትሉ ከቤት፣ ጌጡ ከባሕር ማዶ ነበር ማለት ይቻላል። የጃኖው ቀይ ጥለት እንኳ ብዙ ጊዜ ከውጭ የገባ ቀይ ጨርቅ ተተርትሮ በሚገኝ ክር ይሠራ ነበር። ቀጣዩ ምዕራፍ ግን የክሩን ሚዛን አዛባው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቡጀዲና የፋብሪካ ክር እየረከሱ መጡ። ሸማኔው ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ የእጅ ፈትል ማዋል ጀመረ። ከእናቶች ሥራ ግማሹ፣ ያውም ከባዱ ግማሽ፣ በዚህ ቀለለ፤ ገቢያቸውም አብሮ ቀለለ።

እግር ወደ ታሪኩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተዋጋው የክብር ዘበኛ እንኳ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ጣሊያን ከአስመራ በወልድያና በመርሳ አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ጎዳና ሲሠራ የጭነት መኪና መጣ፤ ከመኪናው ጋር ሱቅ፣ ከሱቁ ጋር ጫማና ካልሲ መጣ። ከድል በኋላ ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ደግሞ ልጃገረዶች በቤት አያያዝ ትምህርት ስፌት፣ ጥልፍ፣ ኪሮሽና ሹራብ ተማሩ። የሬዲዮኑ፣ የሶፋውና የጠረጴዛው ዳንቴል የዚያ ትውልድ ፊርማ ነው። ከእንዝርት የተላቀቀችው የተማረች ልጅ ወደ ኪሮሽ መርፌ ስትሻገር የቡናው ዙሪያ አልተለወጠም፤ በእጅ የተያዘው መሣሪያ ተለወጠ እንጂ።

የፋብሪካው ዘመን ፈጥኖ ደረሰ። በጣሊያን የጦር ካሳ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ በታችኛው አዋሽ ተዘረጋ፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ቆመ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ኮምቦልቻ የራሷን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገኘች። በዚያው አሥር ዓመት ቻይናውያን የሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ ተጠናቆ ወልድያን ከጣና ዳርቻና ከጎንደር ጋር አገናኘ፤ የመተማ ጥጥ በዚህ በኩል መምጣት ቻለ። መንገዱ ለፈትል ያደረገው ውለታ ከየትኛውም ፋብሪካ አያንስም ባይ ነኝ።

ይሁንና ያ ዘመን የረሀብም ዘመን ነበር። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ከቤት ከሚሸጠው ዕቃ መካከል ልብስ ነበረበት። ብርድ ልብስ ከውጭ መጣ፤ በእንግሊዝ አገር የትምህርት ቤት ልጆች ሳይቀሩ ካሬ ካሬ ሹራብ እየሠሩ ለኢትዮጵያ ብርድ ልብስ ያዋጡ ነበር። ፈታይዋና ሹራብ ሠሪዋ ሳይተያዩ በክር የተገናኙበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። በደርግ እስር ቤቶችም ታሳሪ ወንዶች ሹራብና ኮፍያ መሥራት ለመዱ፤ ሴት ብቻ ትይዘዋለች የተባለው ክር በወንድ እጅ ቀን መግፊያም መተዳደሪያም ሆነ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ምዕራፍ የብዛት ምዕራፍ ነው። ሰልባጅ በዛ፤ የቻይና ሰው ሠራሽ የሹራብ ክር በየሱቁ ተደረደረ፤ በማሽን የታተመ የጥለት ቀሚስ ከእጅ ሥራው በብዙ እጥፍ ረክሶ ገበያውን ሞላው። በሌላ በኩል የእጅ ፈትልን ዋጋ ያዩ ተነሡ፦ ሳባሀር በ1996 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ የተፈተለ ጥጥና ሐር ለውጭ ገበያ ማቅረብ ጀመረ፤ ሞዴሏ ሊያ ከበደ ለምለም በተባለው ድርጅቷ የሸማኔዎቻችንን ሥራ ወደ ኒው ዮርክ ወሰደች። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ለወጣቶቹ የስፌት መኪና ተዘጋጀ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዛ ቆየች፤ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ተጎዱ። ወልድያ ነፃ በወጣችበት በዚያው ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። የልብስ ኢንዱስትሪው በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለት በትር አረፈበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እንዝርቱ አልቆመም፤ የሚያሾሩት ግን አርጅተዋል። ልጆቻቸው ካልሲ ከሱቅ ይገዛሉ፣ ሹራብ ከሰልባጅ ይመርጣሉ፣ ለሠርጋቸው ግን የእናት ፈትል ጋቢ ይፈልጋሉ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ መርሳም ላይ ግቢ አለው። ሲሪንቃ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የማሽላ ዝርያ በጥንቃቄ በሚመዘገብበት አገር የአንዲት እናት የፈትል ስልት ሳይመዘገብ መቅረቱ ትክክል አይደለም። ይህን የምታነቡ የየጁና የሀብሩ ልጆች፣ ለሚቀጥለው በዓል አገር ቤት ስትገቡ እናታችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ባዘቶውን እንዴት እንደምትይዝ ጠይቁ፣ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ስሟንም ከሥራዋ ጋር ጻፉ።