የመኪና ስርቆትን ለመከላከል ለፖሊስ የሚመደብ የመንግሥት ገንዘብ፦ የካናዳ ተሞክሮ

የመኪና ስርቆት በአንድ ባለንብረት ላይ የሚደርስ ተራ ጉዳት ተደርጎ ይታይ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ወንጀሉ በበርካታ አገሮች በተደራጁ ቡድኖች የሚመራ፣ ድንበር የሚሻገርና ለሌሎች ወንጀሎች የገንዘብ ምንጭ የሚሆን ሆኗል። በዚህም ምክንያት መንግሥታት የመከላከሉን ተግባር ለአካባቢ ፖሊስ መደበኛ በጀት ብቻ መተው እንደማያዋጣ በመገንዘብ ለዚሁ ዓላማ የሚውል ልዩ ገንዘብ መመደብ ጀምረዋል።

ከእነዚህ አገሮች አንዷ ካናዳ ናት። የአገሪቱ የፌዴራል መንግሥትና የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት መንግሥት ከ2023 ጀምሮ የወሰዷቸው እርምጃዎች ገንዘብ የት ላይ ሲውል ውጤት እንደሚያመጣ፣ የት ላይ ሲውል ደግሞ ጥያቄ እንደሚያስነሳ በግልጽ የሚያሳዩ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ስለ ካናዳ የተጠቀሰው ገንዘብ በካናዳ ዶላር የተሰላ ነው።

የችግሩ ስፋት

በካናዳ የመድን ኩባንያዎች ለተሰረቁ መኪኖች የከፈሉት ካሳ በ2023 1.5 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ይህ ወጪ ውሎ አድሮ የሚያርፈው በመድን ገቢዎች ላይ በመሆኑ መኪናው ያልተሰረቀበት ዜጋም የዓመት ክፍያው እንዲጨምር ምክንያት ሆኗል። ከዚህም በላይ ሌቦች ቁልፍ ለመውሰድ ሲሉ ወደ መኖሪያ ቤቶች መግባታቸውና አሽከርካሪዎችን በመሣሪያ እያስፈራሩ መኪና መንጠቃቸው ጉዳዩን ከንብረት ጥበቃ አልፎ የሕዝብ ደኅንነት ጉዳይ አድርጎታል።

ወንጀሉ የሚፈጸመው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ተፈላጊው መኪና የቆመበት ቦታ ይጠናል። ቀጥሎም ሌሎች ሰዎች ያለ ቁልፍ የሚከፈተውን መኪና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ አታልለው፣ ወይም በመኪናው ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ቁልፍ አስመዝግበው ይወስዱታል። መኪናው ለጥቂት ቀናት በአንድ መንገድ ዳር ወይም ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ይተዋል። ይህም የመከታተያ መሣሪያ ተገጥሞለት እንደሆነና ፖሊስ ይመጣ እንደሆነ ለማየት ነው። ፈላጊ ካልመጣ በኮንቴይነር ተጭኖ በባቡር ወይም በከባድ መኪና ወደ ወደብ ይጓዛል፤ በሰነዱም ላይ ጭነቱ ሌላ ዕቃ እንደሆነ ተደርጎ ይገለጻል። ወደ ውጭ ከሚላኩት መኪኖች ብዙዎቹ መዳረሻቸው ምዕራብ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ነው። እዚያው አገር ውስጥ የሚቀሩት ደግሞ የሻንሲ ቁጥራቸው ተቀይሮ በሐሰተኛ ሰነድ ለቅን ገዢ ይሸጣሉ፤ አለዚያም ተበታትነው በመለዋወጫነት ይቸበቸባሉ።

ፖሊስ መንገድ ላይ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በአነስተኛ ክፍያ የተቀጠረውንና በዕድሜ ለጋ የሆነውን ሰው ነው። እርሱ ሲታሰር ሌላ ይተካል። ትእዛዝ ሰጪው፣ ሰነድ አዘጋጁና አስጫኙ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። የጥበቃ ቅኝትን በመጨመር ብቻ ችግሩን መፍታት የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተመደበው ገንዘብና አከፋፈሉ

የኦንታሪዮ መንግሥት በግንቦት 2023 ለሦስት ዓመታት የሚቆይ የ51 ሚሊዮን ዶላር መርሐ ግብር ይፋ አድርጓል። ከዚህ ውስጥ 18 ሚሊዮኑ የፖሊስ ተቋማት ዕቅዳቸውን አቅርበው የሚወዳደሩበት የድጋፍ ገንዘብ ነው። ቀሪው በክፍለ ግዛቱ ፖሊስ የሚመራ የተቀናጀ ቡድን ለማቋቋምና በመኪና ስርቆት ጉዳዮች ላይ ብቻ የሚሠራ የዓቃቤ ሕግ ቡድን ለማደራጀት የታሰበ ነበር። ክፍለ ግዛቱ በ2024 በጀቱ ደግሞ በቶሮንቶ፣ በኦታዋና በአካባቢያቸው ለሚደረገው የአየር ቅኝት አራት ሄሊኮፕተሮች የሚገዙበት 46 ሚሊዮን ዶላር አካቷል።

የፌዴራሉ መንግሥት በበኩሉ በየካቲት 2024 በኦታዋ አገር አቀፍ ጉባኤ ጠርቷል። በጉባኤው ዋዜማ ለድንበር አገልግሎት ኤጀንሲ 28 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታውቋል። ገንዘቡ ወደ ውጭ የሚላኩ ኮንቴይነሮችን ለመፈተሽ፣ የመመርመሪያ ቴክኖሎጂ ለመሞከርና ከፖሊስ ጋር የሚደረገውን የመረጃ ልውውጥ ለማጠናከር የሚውል ነው። ከዚህ በተጨማሪ በተመደበው 15 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 9.1 ሚሊዮኑ ለክፍለ ግዛትና ለከተማ ፖሊስ ተቋማት፣ 3.5 ሚሊዮኑ ደግሞ የዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል ለሚያካሂደው የድንበር ዘለል የተሽከርካሪ ወንጀል መከላከል ሥራ ተደልድሏል። የሥራ ክፍፍሉን በዝርዝር የያዘው አገር አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር በግንቦት 2024 ወጥቷል።

የዚህ ድልድል ዋና ገጽታ ገንዘቡ ለአንድ ተቋም ብቻ አለመሰጠቱ ነው። ስርቆቱ የሚፈጸመው በከተማ ፖሊስ ክልል ነው፤ ምርመራው ወደ ክፍለ ግዛት ፖሊስ ያድጋል፤ የወጪ ጭነትን የመፈተሽ ሥልጣን ደግሞ የድንበር አገልግሎቱ ነው። ከሦስቱ አንዱ አቅም ካጣ የሌሎቹ ልፋት ከንቱ ይሆናል። ፖሊስ መኪናው በየትኛው ኮንቴይነር እንዳለ ቢያውቅም ኮንቴይነሩን የሚከፍት በቂ የሰው ኃይል ወደቡ ላይ ከሌለ መርከቡ ይነሳል።

በወደብና በመረጃ ቋት የታየው ለውጥ

የቅንጅቱን ጥቅም ጎልቶ ያሳየው በሞንትሪያል ወደብ የተካሄደው ዘመቻ ነው። የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ፖሊስና የድንበር አገልግሎት ኤጀንሲ ከታኅሣሥ 2023 እስከ መጋቢት 2024 መጨረሻ ባደረጉት ፍተሻ ወደ 400 በሚጠጉ ኮንቴይነሮች ውስጥ 598 የተሰረቁ መኪኖችን አግኝተዋል። የመኪኖቹ ግምት 34.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኞቹ ከኦንታሪዮ የተሰረቁ ናቸው። በዘመቻው የተሳተፉት መርማሪዎች ኮንቴይነሮችን በዘፈቀደ አልከፈቱም፤ አስቀድሞ የተሰበሰበ መረጃ በሚጠቁማቸው ላይ አተኩረዋል። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ኮንቴይነር የሚያስተናግድ ወደብ ሁሉንም ከፍቶ ማየት የማይችል በመሆኑ የፍተሻው ስኬት የሚለካው በመረጃው ጥራት ነው።

ሁለተኛው ለውጥ አነስተኛ ወጪ የጠየቀና ሰፊ ውጤት ያስገኘ ነው። በየካቲት 2024 የካናዳ ንጉሣዊ ፈረሰኛ ፖሊስ የተሰረቁ መኪኖችን መዝገብ ከኢንተርፖል የመረጃ ቋት ጋር አገናኘ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ከ1,500 በላይ ከካናዳ የተሰረቁ መኪኖች በተለያዩ አገሮች ተለይተዋል። አብዛኞቹ የታወቁት በየአገሩ የመግቢያ ወደቦች በሚደረግ የሻንሲ ቁጥር ማጣራት ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ የኢንተርፖል አባል አገሮች በሙሉ መረጃ የሚለዋወጡት በየብሔራዊ ቢሮዎቻቸው አማካይነት በመሆኑ፣ የአንድ አገር መዝገብ ወቅታዊ መሆን መኪናው ለሚገባበት አገር ጉምሩክና ለገዢው ጭምር ዋስትና ይሰጣል።

የሕግ ማሻሻያው

ከገንዘቡ ጎን ለጎን ሕጉም ተሻሽሏል። በሰኔ 2024 በጸደቀው ማሻሻያ በኃይል ተግባር ወይም በዛቻ የሚፈጸም፣ ወይም ለወንጀለኛ ድርጅት ጥቅም የሚውል የመኪና ስርቆት እስከ 14 ዓመት እስራት እንዲያስቀጣ ተደንግጓል። ለስርቆት የሚያገለግሉ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን ለዚሁ ዓላማ መያዝና ማሰራጨትም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። መርማሪዎች በገንዘብ ድጋፉ ያጠናቀሩት ማስረጃ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚያርፍበት የሕግ አንቀጽ ማግኘቱ የሁለቱን እርምጃዎች ተደጋጋፊነት ያመለክታል።

ውጤቱና የሚነሱት ጥያቄዎች

የመድን ኩባንያዎችን በመወከል የተሽከርካሪ ወንጀልን የሚያጠናው ኤኪቴ ማኅበር እንዳስታወቀው፣ በ2023 70,475 የነበረው የተሰረቁ የግል መኪኖች ቁጥር በ2024 ወደ 57,359 ዝቅ ብሏል። ይህም የ18.6 በመቶ ቅናሽ ነው። የድንበር አገልግሎት ኤጀንሲ በ2023 ከ1,800 በላይ የተሰረቁ መኪኖችን ሲይዝ፣ በ2024 የያዛቸው ቁጥር ከ2,200 በልጧል።

ይሁን እንጂ ቅናሹ በሙሉ የበጀቱ ውጤት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ባለመኪኖች መከታተያና ተጨማሪ መቆለፊያ ማስገጠም አዘውትረዋል፤ አምራቾችም የቁልፍ አሠራራቸውን እንዲያሻሽሉ ግፊት ተደርጎባቸዋል። በካናዳ ሞተር እንዳይነሳ የሚያግድ መሣሪያ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ከ2007 ጀምሮ ግዴታ ቢሆንም፣ ደረጃው የወጣው ዛሬ ሌቦች የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ባልተስፋፉበት ዘመን ነው። ለፖሊስ የሚመደበው ገንዘብ ደካማ የመኪና መቆለፊያን ሊተካ አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቀጣይነትን የሚመለከት ነው። ለሦስት ዓመት የተመደበ ገንዘብ ሲያልቅ የሠለጠነው መርማሪ ወደ ቀድሞ ሥራው ሊመለስ፣ የተደራጀው ቡድን ሊበተን ይችላል። የወንጀል ቡድኑ ግን የበጀት ዓመት የለውም።

ለዚህ ጥያቄ የተለየ መልስ የሰጠችው የካናዳ ጎረቤት የሆነችው የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ናት። ግዛቷ በ1986 የመኪና ስርቆት መከላከያ ባለሥልጣን በሕግ አቋቁማ፣ መድን ከተገባለት እያንዳንዱ የግል መኪና በዓመት አንድ የአሜሪካ ዶላር እንዲሰበሰብ አድርጋለች። ገንዘቡ በፖሊስ፣ በመድን ኩባንያዎችና በመድን ገቢዎች ተወካዮች ቦርድ አማካይነት ለፖሊስ፣ ለዓቃብያነ ሕግና ለኅብረተሰብ ድርጅቶች ይከፋፈላል። መጠኑ አነስተኛ ቢሆንም ምንጩ ቋሚ ነው፤ ከፋዩም በአሰጣጡ ላይ ድምፅ አለው። ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶችም ተመሳሳይ አሠራር ተከትለዋል።

ለበጀት አዘጋጆችና ለሥራ ኃላፊዎች

ከእነዚህ ተሞክሮዎች ለማንኛውም የመንግሥት ተቋም የሚጠቅሙ ነጥቦችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ገንዘብ ከመመደቡ በፊት የወንጀሉ ሰንሰለት የት ላይ ቢበጠስ እንደሚዳከም መለየት አለበት። ሁለተኛ፣ ሥልጣናቸው የተከፋፈለ ተቋማት በጋራ ዕቅድና በጋራ ተጠያቂነት ሊደገፉ ይገባል። ሦስተኛ፣ የውጤት መለኪያው የተያዘው ሰው ብዛት ብቻ መሆን የለበትም፤ የተመለሰው ንብረት፣ በፍርድ የተቋጨው መዝገብና የፈረሰው መረብ አብረው መቆጠር አለባቸው። አራተኛ፣ የሰሌዳ፣ የሊብሬና የሻንሲ ቁጥር መዝገብ ትክክለኛነት ከውድ መሣሪያ ግዢ ያልተናነሰ ትኩረት ያሻዋል። መዝገቡ ከተዛባ የተሰረቀ መኪና በሕጋዊ ወረቀት ይሸጣልና።

በመጨረሻም ገንዘቡ የዜጋው ነው። ዜጋው አንድ ጊዜ በግብሩ፣ ሌላ ጊዜ በመድን ክፍያው ይከፍላል፤ መኪናው ሲሰረቅበት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ይከፍላል። ለስርቆት መከላከል የተመደበ በጀት ተገቢነቱ የሚረጋገጠው ይህን ተደራራቢ ሸክም በተጨባጭ ማቃለል ሲችል ነው።