የአንበሳ ግቢ ታሪክ ለልጆቻችን

ጁባ የተወለዱ ልጆቻችን አንበሳን የሚያውቁት በሱቄ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ነው። «እውነተኛውስ የት አለ?» ሲሉኝ የአንበሳ ግቢን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ላይ ግቢውን ያቋቋሙት ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ነው። የመጀመሪያዎቹ አንበሶች 5 ወንድና 2 ሴት ነበሩ። የወንዶቹ ጎፈር ጥቁር ነው፤ እስከ ደረትና ሆዳቸው ይወርዳል። በ1974 ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፤ በ1991 ደርግም ወደቀ። አንበሶቹ ግን እዚያው እየተዋለዱ ቆዩ።

በ2012 ተመራማሪዎች የ15ቱን ዲ.ኤን.ኤ. መርምረው፣ ካነጻጸሯቸው ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አስታወቁ። ከጥቂቶች የተገኘ ዘር እርስ በርሱ ሲዋለድ ይደክማልና በጥንቃቄ እንዲራቡ መከሩ። በ2019 አንድነት ፓርክ ሲከፈትም ጥቁር ጎፈር አንበሶች ለሕዝብ ታይተዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ለእረፍት አገር ቤት ስትገቡ አንበሶቹን ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። እኛም እዚህ ጥቂቶች ነን፤ ጥቂት ዘር ጠባቂ ካገኘ ይቆያል።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!